አመል አይደለም፣ ሕመም ነው፦ ስለ ድመት ሽንት ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ድመትዎ መሽናት ቢያቅታት አይደንግጡ» የሚል ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲቀባበል ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከችልኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት፤ ከሥሩ «ዶክተር፣ ይህ ነገር እውነት ነው?» ብላ ጠይቃለች። በአንድ ቃል «አይደለም» ብዬ ልተወው ነበር። እስከ መጨረሻው ሳነበው ግን አንድ ቃል እንደማይበቃው ገባኝ። ከተሰጡት ምክሮች ሁለቱ ድመት ይገድላሉ፤ የቀሩት ደግሞ በሽታ ይደብቃሉ።

ጸሐፊው ድመት እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ድመት ያልጠፋበት ቤት ውስጥ እንደኖሩ ነግረውናል፤ ብዕራቸውም ለስላሳ ነው። ነገሩን ያከበደብኝ ይኸው ነው። ድመት የማይወድ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር።

ጽሑፉን ያላነበባችሁ እንድትከተሉኝ ሐሳባቸውን ላስቀምጥ። ድመት ደጋግማ ካማጠች ሆዷ ደርቋል፤ የጉሎ ዘይት ይበቃታል። ካልተሻላት ሦስት ቀን መታገሥ ነው። አልጋ ወይም ምንጣፍ ላይ ከሸናች አመል ነውና መቅጣት ይገባል። ሽንቷ ላይ ደም ከታየ ኢንፌክሽን ነው፤ ቤት ውስጥ ካለው አንቲባዮቲክ ትንሽ መስጠት፣ ሕመሙ ከጠናባትም ሩብ ፓራሲታሞል መጨመር ነው። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ ወንዱን አለማኮላሸትም አሉበት። ብዙ የምትጠጣና ብዙ የምትሸና ድመት ግን የጤና ምሳሌ ናት። ከሞላ ጎደል ይህ ነው።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቢሾፍቱ ስማር አብዛኛው ሰዓታችን ያለፈው በላም፣ በበሬ፣ በበግና በዶሮ ላይ ነበር። ድመትን በቅጡ ያወቅኋት አዲስ አበባ ገብቼ፣ ሰዎች በካርቶንና በዘንቢል ይዘዋት ሲመጡ ነው። ጸሐፊውን የምሞግታቸውም ጠረጴዛዬ ላይ ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። «ድመት አሸዋዋ ላይ ደጋግማ ተቀምጣ ካማጠች ሆዷ ደርቋል» ይላሉ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ነብሮ የሚባል ወንድ ድመታቸውን ይዘው መጡ። ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣

«ልጄ፣ ሆዱ ደርቆ ነው» አሉኝ። «ትናንት ጉሎ አጠጣሁት፣ ዛሬም አጠጣሁት፤ ወይ ፍንክች!»

«ሽንቱንስ መቼ ሸና፣ እማማ?»

«ሲቀመጥ አይደል እንዴ የሚውለው!»

«መቀመጡን አይደለም የጠየቅኩዎት። ሽንቱ ሲወጣ አይተዋል?»

ዝም አሉ።

ነብሮን ከዘንቢሉ ሳወጣው አልቧጨረኝም፤ ያን ጊዜውኑ አልወደድኩትም። ጤነኛ ድመት እንግዳ እጅ ሲነካው ወይ ጥፍሩን ያወጣል ወይ ያመልጣል። ሆዱን ስዳብስ ጣቶቼ መሐል የገባው ነገር ጥሬ ብርቱካን ያህላል፣ እንደ ጥሬ ብርቱካንም ይጠነክራል። የሽንት ፊኛው ነው። ቀጥዬ ልቡን አዳመጥኩ። ክሊኒክ የገባ ድመት በፍርሃት ልቡ በደቂቃ 200 ጊዜ አካባቢ ሲመታ ነው የለመድኩት። የነብሮን ቆጠርኩ፤ 96። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ። ያው 96።

የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ረጅም ነው፤ ወደ ጫፉ እየጠበበ ሄዶ መጨረሻው ላይ ስፋቱ ከ1 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። እዚያ ጠባብ በር ላይ ንፍጥ መሰል ዝቃጭና ደቃቅ ክሪስታል ተጋግሮ ሲደፍነው፣ ወይም ትንሽ ጠጠር ሲሰነቀርበት፣ ወይም ቧንቧው ራሱ አብጦና ተኮማትሮ ሲዘጋ ሽንት መውጫ ያጣል። ድመቱ ያምጣል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ማማጥ ሁሉ አንድ ነው። ኩላሊት ግን በር ተዘጋ ብሎ ወዲያው ሥራውን አያቆምም፤ ሽንት ማውረዱን ይቀጥላል። ፊኛው ይወጠራል፣ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ በመጨረሻ ኩላሊቱም ማጣራት ያቅተዋል። በሽንት መውጣት የነበረበት ፖታሲየም ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ፖታሲየም ሲበዛ ልብ ይዘገያል። የነብሮ 96 እሱ ነበር። እዚህ ላይ ጉሎ ምን ያደርጋል? ይባስ ብሎ፣ የሚታገል እንስሳ በግድ የሚጋተው ዘይት መንገዱን ስቶ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ድመት ሆዷ አይደርቅም አላልኩም። ይደርቃል፣ በተለይ ያረጀችና ውኃ የማትወድ ከሆነች። ነገር ግን ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ ከጮኸ፣ አሸዋውም ደረቅ ሆኖ ከተገኘ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ፊኛው ነው ብሎ መነሣት ይሻላል። ይህን ለመለየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ አሸዋውን ማየት ነው። እርጥብ አሸዋ ጓል ይሠራል። ጓሉን ቁጠሩ፣ መጠኑንም ተመልከቱ። ጤነኛ ድመት በቀን ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ያህል ይሸናል። አሥር ጊዜ ተቀምጦ አተር አተር የሚያካክሉ ጓሎች ብቻ ከተገኙ ችግር አለ። ምንም ካልተገኘ ጫማችሁን አድርጉ።

እዚሁ ላይ ጸሐፊው በተቃራኒው የተረጎሙት አንድ ምልክት አለ። ድመት ብልቷን ደጋግማ ስትልስ «ንጽሕናዋን እየጠበቀች ነው» ብለዋል። ድመት ንጹሕ መሆኗን አልክድም። ነገር ግን ስትጸዳ ከጆሮ እስከ ጭራ ነው የምትጸዳው፤ አንድ ቦታ ብቻ ግማሽ ቀን የምትልስ ድመት የሚያማትን ቦታ እያሳየችን ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፦ «ሦስት ቀን ታገሡ»።

እንግዲህ ሰዓቱን እንቁጠር። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ አንድ ቀን ገደማ ሲሆነው ኩላሊት ያልጣለው ቆሻሻ ደም ውስጥ መጨመር ይጀምራል። ድመቱ መብላት ያቆማል፣ ያስታውካል፣ ጨለማ ጥግ ፈልጎ ይተኛል። ከሁለተኛው ቀን ወዲያ ያለው የዕድል ነገር ነው፤ ሦስተኛውን ቀን ብዙዎቹ አያልፉትም። ጸሐፊው «ታግሼ በአራተኛው ቀን ተሻለው» ያሉት ድመት እንግዲያው ቧንቧው አልተደፈነም ነበር፤ ሽንቱ በጠብታም ቢሆን ይወጣ ነበር ማለት ነው። ፊኛው ብቻ የተቆጣ ድመትና ቧንቧው የተደፈነበት ድመት ከሩቅ አይለዩም። ሁለቱም ያምጣሉ፣ ሁለቱም ይጮኻሉ። አንደኛው በራሱ ጊዜ ይድናል፣ ሌላኛው ይሞታል። የዳነውን ያየ ሰው ምክር ይጽፋል፤ ድመቱ የሞተበት ሰው ግን ጓሮ ቆፍሮ ይቀብርና ዝም ይላል። «ብዙዎች ታግሠው ድነዋል» የሚለው ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ፤ እሱም ጸጥታው። የመጀመሪያውን ቀን ሲጮኽ የዋለ ድመት በሁለተኛው ቀን ድምፁን ያጠፋል። ባለቤቱ «ተመስገን፣ ረገበለት» ይላል። አቅም አጥቶ ነው። ነብሮም እናቲቱ እንደነገሩኝ «ከጠዋት ጀምሮ እንደ መረጋጋት ብሎ» ነበር።

መጀመሪያ ልቡን ነበር ማትረፍ የነበረብኝ። በደም ሥሩ ካልሲየም ግሉኮኔት ቀስ ብሎ ገባ፤ ይህ መድኃኒት ፖታሲየሙን አይቀንስም፣ ልብን ግን ለጥቂት ደቂቃዎች ይጋርደዋል። ከዚያ ፈሳሽ፣ ከዚያ ማደንዘዣ፣ ከዚያ ካቴተር የምንለው ቀጭን ቱቦ። ቱቦው ጫፉ ላይ ሲደርስ እንቢ አለ። አሸዋ ላይ የመሄድ ያህል ኮርኳሻ ነገር በጣቶቼ ይሰማኛል። በንጹሕ የጨው ውኃ እየገፋሁ፣ እያረፍኩ፣ እንደገና እየገፋሁ ቆይቼ ድንገት ለቀቀ። የወጣው ሽንት የቀይ ሥር ጭማቂ ይመስል ነበር። እማማ በሩ ላይ ቆመው «ይህ ሁሉ ከዚህች ሆድ?» አሉ።

በነገራችን ላይ ፊኛው ተወጥሮ ያገኘ ሰው «ላግዘው» ብሎ ሆዱን እንዳይጨምቅ። ሊፈነዳ ይችላል።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ስደርስ በእውነት ተናደድኩ። «አልጋ ላይ የምትሸና ድመት ቂመኛ ናት። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ አፍንጫዋን እዚያው አሽቶ ሁለት ጊዜ መምታት ያስፈልጋታል» ይላሉ። ተረቱ የሚያምር ተረት ነው፤ የተተረተው ግን መንኩሳም አይጥ ስላልተወችው ድመት ነው፣ አልጋ ስላረጠበችው አይደለም። ድመት ሲያማት የምታውቀው አንድ ነገር ነው፦ «እዚህ አሸዋ ላይ ስቀመጥ ያቃጥለኛል»። ስለዚህ ከአሸዋው ትሸሻለች። ለስላሳ ነገር ትመርጣለች፣ አለዚያም ቀዝቃዛ ነገር፦ ፍራሽ፣ የልብስ ክምር፣ የመታጠቢያ ቤት ወለል፣ ሳፋ። ለዓመታት አሸዋዋን ስታውቅ የኖረች ድመት በድንገት ሳፋ ውስጥ ከሸናች፣ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሕመም ምልክት የለም። እንዲያውም ከማምጣቷም ከደሙም ቀድሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በዚያች ሰዓት የምትመታ ድመት የምትማረው ተደብቃ መሽናትን ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሽንቷን የሚያይላት አይኖርም።

እርግጥ ሁሉም ከአሸዋ ውጭ የሆነ ሽንት በሽታ አይደለም። ያልተኮላሸ ወንድ ቆሞ፣ ጭራውን አቅንቶ፣ ግድግዳና የበር መቃን ላይ ከረጨ ድንበሩን እያካለለ ነው፤ ይህ ከሕመሙ በአቋቋሙ ይለያል። አሸዋው ሳይቀየር የሰነበተም እንደሆነ ድመት ትጸየፋለች። ለሦስት ድመት አንድ የአሸዋ ዕቃ አስቀምጦ «አመል አወጡ» ማለትም አይቻልም፤ በእኛ ሙያ የሚመከረው በድመቶቹ ቁጥር ልክ፣ በዚያም ላይ አንድ ተጨማሪ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ቅንጦት እንደሚመስል አውቃለሁ።

አራተኛው፣ የደሙ ጉዳይ፣ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። «ደም ካያችሁ ኢንፌክሽን ነው፤ አሞክሲሲሊን በትንሽ በትንሹ» ይላሉ። ሰው ላይ፣ በተለይ ሴቶች ላይ፣ ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ድመትን ከሰው ጋር አንድ ማድረጋቸው ነው ያሳታቸው። ድመት ሽንቷ ወፍራም ነው፤ ዘሯ ከበረሃ ነው፣ ከአፍሪካ የዱር ድመት፤ ውኃን ቆጥባ ሽንቷን አጠንክራ ነው የምታወጣው። ባክቴሪያ እንዲህ ባለ ሽንት ውስጥ በቀላሉ አይራባም። ከ10 ዓመት በታች የሆኑና በፊኛ ሕመም የሚመጡ ድመቶች ሲመረመሩ ኢንፌክሽን የሚገኘው በብዙ ጥናቶች ከመቶ 5 በማይሞሉት ላይ ነው። ከመቶ ከ55 እስከ 65 በሚሆኑት ላይ ፊኛው ተቆጥቶ፣ ደምቶ፣ ነገር ግን ባክቴሪያም ጠጠርም ሳይገኝበት ይቀራል። ሐኪሞች «ምክንያቱ ያልታወቀ የፊኛ ብግነት» ይሉታል። ሲያረጁ ነገሩ ይለወጣል፤ ሽንቱ ሲቀጥን ኢንፌክሽንም ይበዛል።

ታዲያ የጸሐፊው ድመት በአሞክሲሲሊን በሳምንት እንዴት ዳነች? ይህ የፊኛ ብግነት በአብዛኞቹ ላይ በአምስትና በሰባት ቀን ውስጥ በራሱ ይበርዳል። ውኃ ቢሰጧትም በሳምንቷ ትድን ነበር። ከዚያ ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ያ ኪኒን ይፈለጋል። በመጨረሻ እውነተኛ ኢንፌክሽን የመጣ ቀን መድኃኒቱ አይሠራም።

ባክቴሪያ ካልሆነ ምንድን ነው ለሚል ሰው፣ አንዱ ትልቅ መልስ ጭንቀት ነው። የሚያስቅ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ፈገግ ብያለሁ። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ቶኒ በፊንግተን ከባልደረቦቻቸው ጋር በፈረንጆቹ 2011 ባወጡት ጥናት 32 ድመቶችን ለ77 ሳምንታት ተከታትለዋል፤ 12ቱ ጤነኞች፣ 20ዎቹ ይህ የፊኛ ሕመም ያለባቸው ነበሩ። ያልለመዱት ነገር ሲገጥማቸው፣ ለምሳሌ የሚንከባከባቸው ሰው ወይም የለመዱት ሰዓት ሲለወጥ፣ ጤነኞቹ ሳይቀሩ ምግብ ይተዉ፣ ያስታውኩ፣ ከአሸዋው ውጭ ይሸኑ ነበር። እኔ ይህን ጥናት ያመንኩት ፋሲካ ሰሞን ነው። አንድ ቤተሰብ ደም የምትሸና ድመት አመጣልኝ፤ ምን አዲስ ነገር አለ ብዬ ብጠይቅ ምንም የለም አሉ። ቆይቶ ትንሹ ልጅ «በጉ አለ እንጂ» አለ። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ በግ በረንዳው ላይ፣ ልክ የድመቷ አሸዋ አጠገብ ታስሮ ነበር። መድኃኒቱ በዓሉ ነበር፤ በጉ ሲታረድ ድመቷ ዳነች ብዬ ብናገር ሰው ይስቅብኛል፣ ግን እንደዚያ ነው የሆነው።

ሩብ ፓራሲታሞል ግን አያስቅም። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያፈርስበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። ባለ 500 ሚሊ ግራም እንክብል ሩቡ 125 ሚሊ ግራም ነው፤ 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በዚያ ትመረዛለች። ድዷ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ፊቷና እግሮቿ ያብጣሉ፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም አቅቶት ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ለኩላሊቷ መርዝ ናቸው። ይህን አንቀጽ ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ቢተዉት እንኳ እንዲሰርዙት እለምናቸዋለሁ።

ስለ ቀይ ሽንት ካነሣን፣ ጸሐፊውም ሌሎቻችንም የምንረሳው አንድ ነገር ቤታችን አለ፦ ሽንኩርት። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ በርትቶ የፈረሰ እንደሆነ ቀለሙ በሽንት ይወጣል፣ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል። በዶሮ ወጥ የራሰ እንጀራ በልታ የከረመች ድመት ድዷ ነጥቶ ሽንቷ ከጠቆረ ፊኛዋን ሳይሆን ወጡን መጠርጠር ነው። አጥንት ብቻ ነው የሰጠኋት አትበሉኝ፤ አጥንቱ ከድስቱ ውስጥ ነው የወጣው።

«ብዙ የምትጠጣና ብዙ የምትሸና ድመት ኩላሊቷ ንጹሕ ነው» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚያደነዝዝ ስሕተት ነው፤ የሚያስጨንቀውን ነገር ደስ የሚል አስመስሎታልና። ከላይ እንዳልኩት ድመት በተፈጥሮዋ ውኃ ቆጣቢ ናት። ያረጀች ድመት ድንገት የውኃ ሳህኑን ጥግ ጥግ ይዛ መዋል ከጀመረች፣ ጓሎቿም ከበፊቱ ካደጉና ከበዙ፣ ኩላሊቷ ሽንቱን ማጠንከር አቅቶታል፤ የወጣውን ለመተካት ነው የምትጠጣው። ኩላሊት ይህን አቅሙን የሚያጣው ከሥራው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከጠፋ በኋላ ነው። የስኳር በሽታም እንዲሁ ያስጠማል፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መብዛትም። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 400 ሚሊ ሊትር ከጠጣች ያለ ጥርጥር በዝቷል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ከልማዷ መጨመሯ ይበቃል። እየበላች የምትከሳ ከሆነ ቀን አትቁጠሩ። ይህኛው እንደ ነብሮ የሰዓታት ጉዳይ አይደለም፤ ነገር ግን ቶሎ ከተያዘ ድመቷ ዓመታት ትኖራለች።

የቀሩትን በአጭሩ ልሂድባቸው። ውኃ ይብዛላት ባሉት እስማማለሁ፤ ከጽሑፋቸው ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ወተት ግን የውኃ ምትክ አይሆንም። ያደገች ድመት የወተትን ስኳር መፍጨት ስለሚያስቸግራት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል፣ ያገኙትንም ውኃ በተቅማጥ ያስወጣቸዋል። ደረቅ የድመት ምግብ ከመቶ 10 ገደማ ብቻ ውኃ አለው፤ እርጥቡ ከመቶ 75 እስከ 80። የቆርቆሮ ምግብ የማይቀመስ ሆኗል የምትሉ ልክ ናችሁ፤ ከልኳንዳ ቤት የሚገኘው ሳንባ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ተቀቅሎ ከነመረቁ ሲሰጣት ያንን ሥራ በከፊል ይሠራል።

ሎሚ ጠጠር ያሟሟል የሚለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የድመት ጠጠር በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። ስትሩቪት የሚባለው በሐኪም በሚታዘዝ ልዩ ምግብ ይሟሟል፤ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ግን በምንም አይሟሟም፣ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የምግብ ፋብሪካዎች ስትሩቪትን ለመቀነስ ማግኒዚየሙን አሳንሰው ምግቡ ሽንትን አሲዳም እንዲያደርግ ቀመሩት። ስትሩቪት ቀነሰ፣ ኦክሳሌት ጨመረ። ላቦራቶሪ ያላቸው ፋብሪካዎች እንዲህ ከተሳሳቱ፣ የእኛ ሁለት ጠብታ ሎሚ የድመቷን አፍ ከማስለሀጭ በቀር ምን ይፈይዳል? ማኮላሸት ቧንቧ ያጠባል ለሚለው፦ ተለክቷል፣ አላጠበበም። የተኮላሸ ድመት ይወፍራል፣ መንቀሳቀስም ይቀንሳል፤ ውፍረቱ ለፊኛ ሕመም ያጋልጣልና ምግቡን መመጠን ይገባል።

በመጨረሻ ጸሐፊው የሚያነሡት እውነት አለ፣ ላልፈውም አልፈልግም። «ድመት የሚያክም የት ይገኛል? ቢገኝስ በስንት?» ይላሉ። ልክ ናቸው። አብዛኛው የእንስሳት ክሊኒካችን ለከብት የተሠራ ነው፤ ለድመት የሚሆን ቀጭን ካቴተር ራሱ ብዙ ቦታ አይገኝም። ነገር ግን ከዚህ እውነት ተነሥቶ «ስለዚህ ቤት ጠብቁ» ወደሚል መድረስ አይቻልም። የከብት ሐኪም ነው ብላችሁ አትለፉት። ካቴተር ባይኖረውም የተወጠረውን ፊኛ በመርፌ ቀድቶ ሰዓት ሊገዛላችሁ ይችላል። ገንዘቡ ከሌለም ያንኑ በግልጽ መንገር ነው፤ እንስሳውን ያለ ሥቃይ ማሳረፍም ሐኪም የሚሠራው ሥራ ነው፣ ሦስት ቀን አልጋ ሥር ሲያምጥ ከመተው ይሻላል። ይህን ስጽፍ ጨካኝ እንደምመስል አውቃለሁ።

ነብሮ ሦስት ቀን ቱቦ ገብቶለት እኛ ዘንድ ተኛ። በአራተኛው ቀን ቱቦውን አውጥተን ሰደድነው። የተደፈነበት ድመት በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደገና ሊደፈንበት ስለሚችል፣ ለእማማ የሰጠኋቸው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፦ አሸዋውን እያዩ ይደውሉልኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ሸና!»

«ምን ያህል፣ እማማ?»

«የእንቁላል የምታህል ጓል። አልደፋኋትም፤ በፌስታል ቋጥሬ አስቀምጫታለሁ። ጠዋት ይዤልህ ልምጣ?»